አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ መልስ

«ባልሽ አባትሽን ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ሊቀብረው ነው።»

መምህሩ ይህን የሰማው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነው። የተናገሩት አማቱ፣ የሚስቱ እናት ናቸው። ወጥ ቤቱንና መታጠቢያ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ከመሳሳቱ የተነሣ በዚያ ቤት ሚስጥር የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ይህን እሱም ያውቃል፣ ሚስቱም ታውቃለች፣ እሁድ እሁድ እየመጡ ምሳ የሚበሉት አማቱም አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ ነገሩ ለሚስቱ የተነገረ ይምሰል እንጂ ለእሱ የተነገረ ነው። ምላጩን ከጉንጩ ላይ አንሥቶ ጆሮውን ወደ ግድግዳው ጣል አደረገና የሚስቱን መልስ ጠበቀ። ሚስቱ «እንቁላሉ በደንብ ይብሰልልሽ ወይስ ለስለስ ይበል?» አለች።  መምህሩም የቀረውን ጉንጩን ተላጨ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አዲስ የንባብ ክፍል ያስመርቃል፤ ክፍሉ የሚሰየመው ባለፈው ዓመት በሞቱት በሚስቱ አባት ስም ነው፤ ንግግር የሚያደርገው ደግሞ እሱ ነው። ሽማግሌው ፈላስፋ ነበሩ። በወጣትነታቸው «ሳይጠየቁ» የሚል ዘጠና ገጽ መጽሐፍ ጽፈው በዚያችው ዘጠና ገጽ ዕድሜ ልካቸውን ሲወደሱና ሲሰደቡ ኖረዋል። ሐሳባቸው አጭር ነው፦ ሰው ወደዚህ ዓለም የሚመጣው ሳይጠየቅ ነው፤ ከሚያገኘው ደስታ የሚጠብቀው መከራ ይበዛል፤ ስለዚህ ልጅ መውለድ ፈቃዱን መስጠት በማይችል ሰው ላይ የሚፈጸም በደል ነው። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ ሴት ልጅ ወለዱ። ይህን ሳያነሡ ያለፉ ተማሪዎች የሉም። አንዱ እጁን ያወጣና «መምህር፣ ታዲያ ልጅዎስ?» ይላቸዋል። «እሷን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ» ይላሉ፤ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ምን ቢጠየቁ የመጀመሪያ ቃላቸው «አይሆንም» ስለነበር ተማሪዎቹ «ጋሼ አይሆንም» ብለው ይጠሯቸው ነበር።

መምህሩ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ «ሳይጠየቁ»ን አንብቦ ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለው። በአራተኛው ቀን ተናደደ። ንዴቱን ሊነግራቸው ቤታቸው ሄዶ በሩን የከፈተችለት ልጃቸው ናት፤ የሄደበትን ጉዳይ ረስቶ ተመለሰ። ንዴቱ ግን ጠብቆት ኖሯል። ከተጋቡ በኋላ ቁጭ ብሎ ለሚስቱ አባት መልስ መጻፍ ጀመረ። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። ሲወጣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ሆነ፤ ርእሱም «መልስ» ነው። መወለድ ለምን ጸጋ እንደሆነ፣ ተስፋ ለምን የሰነፍ ምኞት እንዳልሆነ፣ ልጅ ለምን የመጪው ዘመን አደራ እንደሆነ ምዕራፍ በምዕራፍ ያስረዳል። በዚህ መጽሐፍ ማዕረግ አገኘ፣ በየስብሰባው ተጋበዘ፣ «የተስፋው መምህር» ተባለ። እሱና ሚስቱ ልጅ የላቸውም።

ለሽማግሌው ያለው ስሜት ምን እንደሆነ ቢጠይቁት ሁለት ቀን የሚፈጅ መልስ ይሰጥ ነበር እንጂ ነገሩስ ለራሱም የጠራለት አልነበረም። ሲወዳቸው ይናደድባቸዋል፤ ሲናደድባቸው ይናፍቁታል። ያለ እሳቸው መጽሐፍ የእሱ መጽሐፍ አይኖርም፤ ስለዚህ በስሕተታቸው ውስጥ፣ ኪራይ እንደማይከፈልበት ቤት፣ የኖረ ሰው ነው። እሁድ እሁድ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ቧንቧ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ያወራሉ። ስለ ፍልስፍና አንዲት ቃል አይተነፍሱም። «መልስ» ታትሞ ሲወጣ አንዱን ቅጂ ፈርሞ ወሰደላቸው። ሽማግሌው መጽሐፉን በእጃቸው ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑና «ወፍራም ነው» አሉ። እስኪሞቱ ድረስ ስለ መጽሐፉ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው።

ከሳምንት በፊት ዲኑ ቢሮው ጠርቶት ነበር። ዲኑ ጨዋ ሰው ነው፤ የሚከብድ ነገር ሲናገር ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እስኪርቢቶዎች በመስመር ይደረድራል። «ዶክተር፣ ቦርዱ ትንሽ ቅር ብሎታል» አለው። «ወጣቶች የሚያነቡበት ክፍል ነው። ሕይወት አትረባም ያሉ ሰው ስም በሩ ላይ ሲለጠፍ፣ እንግዲህ ይገባዎታል። በመጨረሻ ዘመናቸው ሐሳባቸውን ለወጥ አድርገው ከሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ቢያደርጉልን። ለማለስለስ ያህል።» መምህሩ እስቲ ልየው ብሎ ወጣ። ወደ ቤቱ ሲሄድ ደስ እንዳለው ተሰማው። ሽማግሌው ሐሳባቸውን ለውጠው ከሆነ ማን አስለወጣቸው? ደስታው አሳፈረው፤ እፍረቱ ግን ደስታውን አልቀነሰውም። ትናንት አማቱ ለምርቃቱ ብለው ቦርሳቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ጋሼ መጨረሻ አካባቢ የጻፉት ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቃቸው። ለምን እንደሚፈልገውም ነገራቸው። አማቱ ዝም ብለው አዳመጡት፤ ዝምታቸው ስምምነት መስሎት ነበር።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ተቀመጡ። ሚስቱ እንቁላሉን አቀረበች፣ ሻዩን ቀዳች። መነጽር ሠሪ ናት፤ በሻይ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ ያለ ጭረት እንኳ አያመልጣትም፤ አንዱን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አድርጋ አይታ ለራሷ አስቀረችው። አማቱ ከቦርሳቸው ውስጥ ጥቁር ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር አወጡና ከሰሃኑ አጠገብ አኖሩለት።

«አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልግ ተብለሃል አይደል፤ እዚያ ውስጥ ካለ ውሰድ» አሉት።

«እማማ፣ እኔ እኮ ክፉ አስቤ አይደለም…»

«ብላ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል።»

ሚስቱ ደብተሩን አየችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ጠዋት አንድ ደንበኛ ስለቀጠረች ሱቅ ደርሳ እናቷን ይዛ በአራት ሰዓት እንደምትመጣ ተናግራ ሰሃኗን አነሣች። በር ላይ የኮቱን አንገትጌ አቃናችለት። ይህን ታደርግለታለች፤ ሁልጊዜ፣ ምንም ሳትናገር።

አውቶቡስ ላይ ደብተሩን ገለጠ። ፍልስፍና አገኛለሁ ብሎ ነበር። ያገኘው እንዲህ ያለ ነው፦ «ዝናብ። የታችኛው ቤት ሴትዮ ልብስ አስጥታ ረስታዋለች፤ ሰበሰብኩላት።» «ጉልበቴ። ዳቦ ጨመረ። ዳቦ ሻጩ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እሱ ምን አደረገ።» «ቧንቧው ይንጠባጠባል። ሠራተኛው በስምንት ሰዓት እመጣለሁ ብሏል። አይመጣም።» ከሥሩ ደግሞ፦ «መጣ።» ገጽ በገጽ እንዲሁ ነው። መምህሩ ሳያስበው ሳቀ፤ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ይህ ሰው ከዓለም ምንም አልጠበቀም፤ ስለዚህ የመጣ ሁሉ አስገርሞታል። እሱ ግን ሁሉን ነገር ስለሚጠብቅ ቧንቧ ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ሲዘገይ ቀኑን ሙሉ ፊቱ እንደጠቆረ ይውላል። ሚስቱ አንድ ጊዜ «አባዬ ቤት ተስፋ የለም እንጂ ሳቅ አለ» ብላው ነበር። ያኔ ቀልድ መስሎት ማስታወሻ ላይ ጻፈው።

ቢሮው ደርሶ በሩን ዘጋና ደብተሩ ውስጥ «መልስ» የወጣበትን ወር ፈለገ። አገኘው። የሽማግሌው ጽሑፍ እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ያለ ነው።

«የልጄ ባል መጽሐፍ ወጣ። በአምስት ቀን ጨረስኩት። መልሱ ጥሩ ነው። ምዕራፍ ሰባት ላይ ረትቶኛል።»

መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አጠለቀው። ረትቶኛል። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ አፍ ሊሰማው የፈለገው ቃል ነው፤ በእጃቸው ጽፈውታል፤ አራት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ዓይኑ እምባ አቀረረ። ከዚያ የሚቀጥለውን መስመር አነበበ።

«ልጄ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። መልሱ ዘግይቷል።»

ከሥሩ ባዶ መስመር አለ፤ ከባዶው መስመር ሥር፦ «የልጅ ልጅ ባይ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን እኔ ለማን ልናገረው።» ከዚያም ከሥር፣ በሌላ ቀለም፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ባለ፣ የሌንስ ቁጥር በሚጻፍበት ዓይነት ጠባብ ጽሑፍ፣ የሚስቱ እጅ፦ «አባዬ፣ ጠይቄው ነበር። ሲጽፍ ስለነበር አልሰማኝም።»

መምህሩ ደብተሩን አልዘጋውም። ያን ከሰዓት በኋላ አስታወሰው። ምዕራፍ ሦስት ላይ ነበር። የሥራ ክፍሉ በር ገርበብ ብሎ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ፣ እሷ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ «እኛስ ልጅ አንወልድም?» አለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ሰምቷታል። ይህ ከራሱ ጋር ሊከራከርበት የሚችለው ነገር አይደለም፤ ቃል በቃል ሰምቷታል። ያን ጊዜ ግን አንድ ሐሳብ ሊይዝ ምንም አልቀረውም፤ ቀና ቢል ይጠፋበታል፤ ሐሳቡም ልጅ የሰው ልጅ ሁሉ አደራ ስለመሆኑ ነበር። ስለዚህ መጻፉን ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ሲቀመጥ፣ እግሯም ሲርቅ ተሰማው። ሻዩን ሲያገኘው ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችውም፤ እሱም ይህን ምዕራፍ ልጨርስ፣ ያንን ልጨርስ እያለ አንሥቶት አያውቅም። ዘመድ አዝማዱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ጎረቤቱ ሁሉ «የአባቷ ትምህርት ነው ልጅቷን የበላት» ይላል። በሐዘኑ ሰሞን እንኳ ድንኳን ውስጥ ሲባል በጆሮው ሰምቷል። አላስተባበለም። አዎ አላለም፤ አይደለምም አላለም፤ አንገቱን ደፋ አድርጎ አለፈ። ሽማግሌውም በሕይወት እያሉ ይህን ሐሜት ሳይሰሙ አልቀሩም። ሰምተው ግን እሁድ እሁድ ስለ ውሻ አወሩት።

አዳራሹ አርባ ያህል ወንበር፣ አንድ የሚያፏጭ ማይክሮፎን፣ ከበሩ በላይ በሰማያዊ ጨርቅ የተሸፈነ ሰሌዳ ነበረው። መደርደሪያዎቹ አዲስ ስለሆኑ ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ዲኑ ፈጠን ብሎ መጣ።

«ዓረፍተ ነገሩ ተገኘ?»

«ተገኝቷል።»

«ተመስገን» አለ ዲኑ፤ እጁንም በሁለት እጁ ጨበጠው።

መምህሩ ደብተሩን አትሮንሱ ላይ ከፈተ። የት ላይ እንደሚያቆም መንገድ ላይ ተለማምዶታል፦ «ምዕራፍ ሰባት ላይ ረትቶኛል» ብሎ ነጥቡ ላይ ያቆማል። ውሸት የለበትም። ዲኑ ይደሰታል፣ የጋሼ ስም በሩ ላይ ይወጣል፣ የአማቱ ወገን ይኮራል፣ እሱም የተስፋው መምህር መሆኑ በባላጋራው እጅ ይረጋገጣል። ማንም ቀጣዩን መስመር ገልጦ አያይም። ቀና ሲል ሚስቱን ሁለተኛው ረድፍ ላይ አያት፤ እናቷ አጠገቧ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሚስቱ የምታየው እሱን አልነበረም፤ ደብተሩን ነው። ያን ጊዜ ደብተሩን ዘጋው።

«ስለ ጋሼ ንግግር አድርግ ተብያለሁ» ብሎ ጀመረ። «በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ መጽሐፋቸውን አንብቤ ተሳስተዋል ብዬ ተነሣሁ። አሁንም ተሳስተዋል እላለሁ። ግን ሒሳቡን እንተሳሰብ። እሳቸው ልጅ መውለድ በደል ነው ብለው ጻፉ፤ ጽፈው ሲያበቁ ልጅ ወልደው አሳደጉ፤ ያሳደጓትን ልጅ የሚያውቅ ያውቃታል። እኔ ልጅ መውለድ ተስፋ ነው ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ዓመት ጻፍኩ። እሳቸው ልጅ አላቸው፤ እኔ መጽሐፍ አለኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። የታሪክ ክፍሉ ኃላፊ እንዲያውም አጨበጨበ። መምህሩ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ሰዎች አልሳቁም።

«ቀልድ አይደለም» አለ። «ቤታችን ልጅ ያጣው በሳቸው መጽሐፍ ነው ይባላል። ሲባል ሰምቼ ዝም ብያለሁ። እሳቸውም እየሰሙ ዝም አሉ፤ የእሳቸው ዝምታ ጨዋነት ነው፣ የእኔ ሌላ ነገር ነው። በሳቸው መጽሐፍ አይደለም። በእኔ ነው። ሐሳባቸውን ለውጠው እንደሆነ ተጠይቄ ነበር። እሱን ለቤተሰባቸው እተወዋለሁ። መጽሐፋቸው እዚያ መደርደሪያ ላይ አለ፤ አንብቡትና ተናደዱ። የእኔም ከጎኑ አለ፤ ወፍራም ነው።»

ብሎ ተቀመጠ። ማይክሮፎኑ ብቻውን አፏጨ። ዲኑ ሁለት የቦርድ አባላት ጋ ጎንበስ ብሎ ተንሾካሾከ፤ ቀና ሲል ፈገግ ብሎ ሰሌዳው ጥቂት ሥራ እንደሚቀረውና ጨርቁ በሌላ ጊዜ እንደሚነሣ ተናገረ። ጥቂቷ ሥራ እስከ ዛሬ አላለቀችም፤ ክፍሉ የንባብ ክፍል ሁለት ይባላል፤ የንባብ ክፍል አንድ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። ለመስተንግዶ የተዘጋጀው ኬክ ግን ተቆረሰ። አማቱ ድርሻቸውን በሶፍት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ወደ መምህሩ መጡ። 

«ድምፅህን ትውጠዋለህ» አሉት። «ከኋላ ላለ ሰው አይሰማም።» ከዚያ ግን የኮቱን እጀታ ይዘው፣ ታክሲ እስኪመጣ ድረስ ሳይለቁት ቆሙ።

እሳቸውን ከሸኙ በኋላ ባልና ሚስት ወደ ሱቋ በእግራቸው ሄዱ። ሩቅ አይደለም፤ ሁለት መታጠፊያ ነው፤ ያለ አንዲት ቃል ሲሄዱት ግን ይረዝማል። ሱቁ ጠባብ ነው፦ የዓይን መለኪያ ሰሌዳ፣ ክፈፎች የተደረደሩበት መስታወት፣ ሌንስ መሞረጃ ማሽን፣ ለደንበኛ አንድ አግዳሚ ወንበር። ሚስቱ ነጭ ጋዋኗን ለበሰችና ከጠዋቱ ደንበኛ የተረፋትን ሥራ አነሣች። እሱ በሩ አጠገብ ቆመ።

«ሰምቼሽ ነበር» አላት።

ማሽኑን ገና አላስነሣችውም።

«ያን ቀን ሰምቼሽ ነበር። እየሰማሁ ነው የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ሌንሱን ወደ ብርሃኑ አድርጋ እያየች። «እስኪርቢቶህ ቆሞ ነበር።»

መምህሩ ይህን አያውቅም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መጻፉን የቀጠለ ነበር የሚመስለው።

«ታዲያ ለጋሼ ለምን አልሰማኝም ብለሽ ጻፍሽላቸው?»

ሌንሱን አስቀመጠች። «ሰምቶ ዝም አለኝ ብዬ ብነግረው ዳግም ካንተ ጋር ማዕድ አይቀርብም። አውቀዋለሁ፤ አይሆንም ካለ አይሆንም ነው። እሁድ እሁድ ካንተ ጋር መብላት ደግሞ ይወድ ነበር። ጠዋት ተነሥቶ ሸሚዝ ይመርጣል።» ሌንሱን መልሳ አነሣችና «እኔ የቀረብኝ ይበቃል፤ እሱ ለምን ይቅርበት ብዬ ነው» አለች።

 ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጣ፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሲመጣ ግን እጅግ ትንሽ ሆኖ ታየው። ቢሆንም አወጣው። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ መቀበሏ ይሁን መስማቷ ብቻ አልታወቀውም።

«ልሂድ?» አላት።

«የት ትሄዳለህ። ተቀመጥ፣ ስጨርስ አብረን እንሄዳለን።»

አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሚያነበው አልያዘም፤ የሚጽፍበትም አልነበረውም። ማሽኑ ተነሣ፤ የሌንሱ ጠርዝ እየተሞረደ ነጭ ውሃ ይንጠባጠባል። አንዲት ደንበኛ ገብታ ክፈፍ ለካች፣ ከመስታወቱ ጋር ተማክራ ወጣች። ፀሐዩ ከዓይን መለኪያው ሰሌዳ ትልልቅ ፊደላት ወደ ትንንሾቹ ወረደ። ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታው እየሠራች «እስቲ ያንን…» ስትል፣ ምን እንደምትፈልግ ገና ሳትጨርስ መምህሩ ተነሥቶ አጠገቧ ቆሞ ነበር።